ላብ (ላብራቶሪ) የሌለው ትምህርት ቤት ውስጥ ፊዚክስ እንዴት ታስተምራላችሁ?

የመንዙ ቲቸር

ሰላም ለሁላችሁ። ከመሐል ሜዳ ወዲያ ባለች ትንሽ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ያለው ፊዚክስ በሙሉ የኔ ነው፤ ሌላ የፊዚክስ መምህር የለንም። ዘንድሮ 11ኛ ላይ ናቹራል የመረጡት 14 ልጆች ብቻ ናቸው። የቀረው ሁሉ ሶሻል ገባ። ምነው ስላቸው፣ «ቲቸር፣ ፊዚክስ አይገባንም» ይሉኛል።

ላብ አላችሁ ይሉናል። ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ለማወቅ ብቻ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ሲከፈት የተሰበረ ወንበር ሞልቶታል። ከወንበሮቹ ሥር አንድ ካርቶን አገኘሁ። ሁለት ማግኔት፣ አይጥ የበላው ቻርት፣ እስከ 110 የሚያነብ አንድ ቴርሞሜትር። ክፍላችን ግድግዳ ላይ ድሮ የተሰቀለ ፕላዝማም አለ። ከሞተ ቆይቷል፤ ሴቶቹ ፀጉራቸውን ያዩበታል።

መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው። አንብበን፣ በአማርኛ አውርተንበት፣ ወደ እንግሊዝኛው እስክንመለስ ፔሬዱ ያልቃል። ልጆቹ ፎርሙላ ይጽፋሉ፣ ቁጥር ይተካሉ፣ መልስ ያወጣሉ። መልሱ ምን ማለት እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። ባለፈው አንዱ የአንድ ሰው ክብደት 3 ኒውተን ነው ብሎ፣ በቀይ አስምሮበት አስረከበኝ። 3 ኒውተን እኮ 300 ግራም ገደማ ነው። ዶሮ እንኳ አይሆንም!

ያለ ብር፣ ያለ ላብ ምን እያደረጋችሁ ነው?

ጡረታ የቀረበው

ልጄ፣ ብዙ ዓመት ቾክ ውጫለሁና ምክሬን ስማ። የ2015ቱን የ12ኛ ክፍል ውጤት አትርሳ። ከተፈታኙ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.2 በመቶ ነው። የ2016ቱ ተሻለ ቢባል 5.4 ነው። ልጆችህ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው ሲፈተኑ ማግኔትህን የሚጠይቃቸው የለም። ያለፉትን ዓመታት ጥያቄዎች ሰብስብና አሠራቸው። ጨዋታው ይደርሳል።

ሮቢት ነኝ

ጋሼ፣ ያሉት እውነት ነው። ግን ሰውን 3 ኒውተን ያደረገ ልጅ ያለፈ ጥያቄ ቢሠራ ምን ይጠቅመዋል?

የመንዙ፣ ያን ቴርሞሜትር አውጣና ውሃ አፍላ። ከመፍላቱ በፊት ልጆቹ ቁጥሩን ይገምቱ። እኔ እዚህ ሸዋ ሮቢት 95 ተኩል ላይ ነው የሚቆምብኝ። እናንተ ጋ ደግሞ ከዚያ ይወርዳል። የኛ ከተማ ከ1300 ሜትር ትንሽ ዝቅ ያለች ናት፣ እናንተ ከ3000 በላይ ናችሁ። እናንተ ጋ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሲሶ ያህል ቀንሷል። የሚጫነው አየር ከሳሳ ውሃው 100 ሳይደርስ ይፈላል።

የኔ ልጆች ግፊት የገባቸው በሃይላንድ ጠርሙስ ነው። ጣርማ በር ላይ ውሃውን ጠጥተህ ባዶውን ጥርቅም አድርገህ ክደነው። ደብረ ሲናን ወርደህ ሮቢት ስትደርስ ጠርሙሱ ጭምድድ ብሎ ታገኘዋለህ። በአውቶቡስ የሄደ ሁሉ አይቶታል፣ ለምን ብሎ የጠየቀ ግን የለም።

አደራ፣ የሕክምና ቴርሞሜትር የፈላ ውሃ ውስጥ እንዳትነክር። 42 ላይ ያልቃልና ይፈነዳል። ከየት አወቅክ አትበሉኝ።

የ12ኛዋ

ይቅርታ፣ እኔ ተማሪ ነኝ። የኛ ቲቸር ድንጋይ በሲባጎ አስሮ ከበሩ ጉበን ላይ አንጠለጠለው። ርዝመቱ 1 ሜትር። ሃያ ጊዜ ሲመላለስ በስልክ ያዝነው፣ 40 ሰከንድ። ፎርሙላው ውስጥ ስንከተው ጂ፣ የመሬት ስበቱ ቁጥር ማለቴ ነው፣ 9.8 ገደማ መጣ። እስከዚያ ቀን ያ ቁጥር ከሰማይ የወረደ ይመስለኝ ነበር።

የመንዙ ቲቸር

ከዘጠኝ ቀን በኋላ ተመልሻለሁ። ኔትወርኩ ነው።

ሰኞ ጠዋት የጥበቃውን ከሰል ምድጃና ድስት ተበድሬ ክፍል ገባሁ። ብርዱን ታውቁታላችሁ፤ 14ቱም ጋቢና ፎጣቸውን ተከናንበው ምድጃውን ከበቡት። ግማሾቹ ለፊዚክስ ሳይሆን ለሙቀቱ ነው የመጡት። ገምቱ አልኳቸው። ሁሉም በአንድ ድምፅ 100። ውሃው ተንተከተከ፣ ቴርሞሜትሩ 89 ተኩል ላይ ደርሶ ቀጥ አለ። ከሰል ጨመርን፣ አራገብን። ንቅንቅ የለም።

«ቲቸር፣ ተበላሽቷል።» መጽሐፉን ገልጠው 100 የሚለውን አሳዩኝ። ዝም አልኩ። ዝም ማለቱ ከብዶኝ ነበር እንጂ።

ከኋላ የምትቀመጥ፣ በዓመቱ ውስጥ አፏን ከፍታ የማታውቅ ልጅ፣ «ለዚህ ነው እንዴ እናቴ ባቄላው አልበስል ሲላት ክዳኑ ላይ ድንጋይ የምትጭነው?» አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ግን ሁሉም የየቤቱን ማውራት ጀመረ። አንዱ ሮቢት አክስቱ ጋ ሲሄድ ንፍሮው ቶሎ ይደርሳል። ሌላው ፕሬዠር ኩከር ለምን እንደሚፉጭ አስረዳ። እኔ ቾክ አልነካሁም። ድንጋዩ ግፊቱን የሚጨምረው በጣም በትንሹ ነው፣ የእናትየው ሐሳብ ግን የፕሬዠር ኩከሩ ሐሳብ ነው አልኳት። ስትወጣ አንገቷ ቀና ብሎ ነበር።

በማግስቱ የሮቢቱን ቁጥር ሰጠኋቸውና ግራፍ ሠሩ። የኛን 3100 ሜትር ብለን ያዝን። በሁለቱ ነጥቦች መስመር አሰመሩ፤ ወደ ባሕር ጠለል ሲያስረዝሙት 100 ሊነካ ትንሽ ቀረው። ያኔ ነው «መጽሐፉም አልዋሸም» ያሉት። ፎርሙላውን ሳልሰጣቸው በ300 ሜትር አንድ ዲግሪ እንደሚወርድ ራሳቸው አወጡት።

ጋሼ፣ ያለፉትን ፈተናዎችም ጀምረናል፣ አርብ አርብ።

አሁን ደብረ ብርሃንን ከግራፉ ላይ አንብበው 90 ተኩል ነው ብለዋል። ሁለቱ 91 ብለው ሙጭጭ አሉ። ውርርዱ በአንድ ጣሳ ቆሎ ነው። እዚያ ያለ ሰው ለክቶ ይንገረን።

ጡረታ የቀረበው

የመስመሩ ዝንባሌ፣ ስሎፕ የሚሉት፣ ፈተና ላይ ይመጣል፣ እሱን ደግመህ አሠራቸው።

ደብረ ብርሃን ነኝ። ቴርሞሜትር ነገ ከኬሚስትሪው መምህር እዋሳለሁ። ቆሎው የገብስ ነው የሽምብራ?