እሁድ ልጆቼን የት ልውሰዳቸው? እስኪ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። አራት ኪሎ አካባቢ ኮንዶሚኒየም ነው የምንኖረው፣ አራተኛ ፎቅ። ልጄ 9 ዓመቱ ነው፣ ትንሿ ደግሞ 4። እሁድ ሲመጣ ጭንቅ ይለኛል። ቤት ከዋሉ ስልክ ብቻ ነው፣ ስቀማቸው ለቅሶ፣ እኔም ስጮህባቸው ውዬ ማታ ተኝተው ሳያቸው አንጀቴ ይላወሳል።

ብሔራዊ ሙዚየም በእግራችን ሄደን ነበር። ልጁ ሉሲ 3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ነው ሲባል አፉን ከፍቶ ቀረ፣ እስከ ቤት ድረስ «ታዲያ ማን ቀበራት?» እያለ ጠየቀኝ። ትንሿ ግን ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ እዘይኝ አለች። አብርሆት ቤተ መጻሕፍትም ለእሱ ጥሩ ነው፣ እሷ ግን ዝም ማለት አይሆንላትም። ወዳጅነት ፓርክን ሁለቱም ይወዱታል፣ ግን በየሳምንቱ መግቢያ ከፍሎ፣ ብስኩትና ጁስ ገዝቶ አይቻልም።

አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ የእንቁላል ትሪ ቆርጬ 12 ጉድጓድ ያለው ገበጣ ሠራሁላቸው፣ በየጉድጓዱ አራት አራት ሽምብራ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስልክ የጠየቀ የለም! እሷ ጠጠር አደላዳይ ነበረች፣ ግማሹን ሽምብራ ብትበላውም።

እንዲህ ያለ ነገር ነው የምፈልገው። ሁለቱንም የሚይዝ፣ በእግር ወይም በአንድ ታክሲ የሚደረስ፣ ለሦስታችን ከ300 ብር የማያልፍ። ቀላል ባቡሩን ለሽርሽር ብቻ ከልጆች ጋር የሞከረ አለ? እሁድ ግፊያው እንዴት ነው? የሰኞ ማክሰኞ ጨዋታንስ ለ4 ዓመት ልጅ እንዴት ነው የምታቀሉት? ክረምቱ ሳይገባ ንገሩኝ በናታችሁ።