ጥቆማ፦ ኩሺንግ ለያዘው ውሻ ሐኪም፣ መድኃኒትና አጋዥ (ለዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ነዋሪዎች)

ባለፈው ሳምንት ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር አንዲት እህት ደወለችልኝ። የአባቷን ውሻ ኩሺንግ የሚባል የሆርሞን በሽታ ይዞታል ብለዋታል። የት ላሳክመው? መድኃኒቱንስ ከየት ልግዛ? አለችኝ። ለእሷ የነገርኳትን ሌሎቻችሁም እንድታገኙት ጻፍኩት። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ውሻዬን ቡቺን ሁለት ዓመት ያስታመምኩ ሰው ነኝ።

ቡቺ የፑድል ድቅል ነው፤ 11 ዓመቱ፣ 8 ኪሎ። መታመሙን ያወቀችው እማዬ ናት። «ይሄ ውሻ ውሃ አይጠግብም» አለችኝ። ከዚያ ሌሊት ሽንቱ ያመልጠው ጀመር። ሆዱ ተነፋ፣ ጎኑ ላይ ፀጉሩ ሳሳ፣ ተኝቶም ያለከልካል። ምግብ በልቶ ሳይጨርስ ደግሞ ይለምናል። መጀመሪያ የወሰድነው ክሊኒክ «እርጅና ነው» ብሎ መለሰን። አራት ወር በከንቱ አለፈ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ ክሊኒክ ከመፈለጋችሁ በፊት ውሃውን ለኩ። እማዬ በግማሽ ሊትር ሃይላንድ እየለካች ሳህኑ ላይ ታፈስለት ነበር። በቀን ሦስት ሃይላንድ ጨረሰ። ውሻ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎው ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ከጠጣ በዝቷል። ለቡቺ 800 ሚሊ ሊትር ማለት ነው፤ እሱ 1,500 ይጠጣ ነበር። የሳምንቱን ቁጥር በወረቀት ይዘን ሁለተኛ ክሊኒክ ስንገባ ስለ እርጅና ያነሳብን የለም። ስኳርና ኩላሊትም እንዲሁ ስለሚያስጠሙ መጀመሪያ ደምና ሽንት ታየለት።

በሽታው ባጭሩ ይሄ ነው፦ ሰውነት ኮርቲሶል የሚባለውን ሆርሞን ከልክ በላይ ያመነጫል። ከመቶ ውሾች ከ80 እስከ 85 በሚሆኑት ምክንያቱ አእምሮ ሥር ባለችው ፒቱታሪ እጢ ላይ የወጣ እብጠት ነው። በቀሩት ከኩላሊት አጠገብ ባለችው አድሬናል እጢ ላይ ነው። ሦስተኛም መንገድ አለ። ቆዳው ያሳክከዋል ተብሎ ፕሬድኒሶን የሚባል መድኃኒት ለረጅም ጊዜ የተሰጠው ውሻ ያንኑ ምልክት ያሳያል። የዓይንና የጆሮ ጠብታ ሳይቀር የሰጣችሁትን ሁሉ ለሐኪሙ ንገሩ። ፕሬድኒሶኑን ግን በራሳችሁ በድንገት እንዳታቆሙት፤ አደገኛ ነው።

አሁን ወደ ሐኪሞቹ። ለዕለት ተዕለቱ ቅርባችሁ ያለ ተራ ክሊኒክ ይበቃል። ልዩነቱ ያለው ክትትሉ ላይ ነው። ስልክ ደውላችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ «መድኃኒት ከጀመረ በኋላ መቼ መቼ ትመረምሩታላችሁ?» እና «ቅዳሜ ማታ ምግብ እምቢ ቢል ማን ያነሳልኛል?» ጥሩው መልስ በ10 ቀን ገደማ፣ በወሩ፣ በሦስተኛው ወር፣ ከዚያም በየሦስት ወሩ የሚል ነው። ምርመራው ኪኒኑን ከዋጠ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ መሆን አለበት። ይህን ሳይነግሩኝ ርካሽ ዋጋ ብቻ የነገሩኝን ክሊኒክ ተውኩት።

በሽታው መኖሩን ለማረጋገጥ ደግሞ ቀኑን የሚፈጅ ምርመራ አለ። ደሙን መጀመሪያ፣ ከዚያ ከ4 ሰዓት በኋላና ከ8 ሰዓት በኋላ ይወስዳሉ። ሥራ ያላችሁ ጠዋት ትታችሁት ማታ ትወስዱታላችሁ። ከዚያ በፊት የጠዋት ሽንት ከቤት ይዛችሁ ብትሄዱ ጥሩ ነው። ሽንቱ ውስጥ ኮርቲሶል ካልበዛ ኩሺንግ የመሆኑ ነገር ይርቃል። ከቤት የምንወስደው ውሻ ክሊኒክ ሲገባ ስለሚጨነቅና ጭንቀት ብቻውን ኮርቲሶልን ስለሚያወጣው ነው።

ነገሩ ከከበደ ስፔሻሊስት ያስፈልጋል። ዲሲ ቴንሊታውን ያለው ፍሬንድሺፕ የእንስሳት ሆስፒታል ቀንና ሌሊት ክፍት ነው፤ የውስጥ ደዌ ሐኪሞችም አሉት። ከሲልቨር ስፕሪንግ ለምትነሱ አይርቅም። ቨርጂኒያ በኩል ላላችሁ ፌርፋክስ ያለው ሳውዝፖስ ይቀላል፤ እሱም ድንገተኛ ክፍል አለው። ከተራ ክሊኒክ ወጪያቸው ከበድ ይላል። እኔ ለአልትራሳውንድና ለአንድ ምክክር ብቻ ሄጄ ክትትሉን ወደ ሰፈራችን መለስኩት፤ ለብዙ ሰውም ይኸው የሚሻል ይመስለኛል። ቀዶ ሕክምና ወይም ጨረር ከተባላችሁ የቨርጂኒያና ሜሪላንድ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ። ዋናው ሆስፒታል ብላክስበርግ ነው፤ ሩቅ ነው። የካንሰር ማዕከላቸው ደግሞ በ2020 ሮአኖክ ላይ ተከፍቷል።

የበሽታው ስም የወጣለት ሐርቪ ኩሺንግ እዚሁ ባልቲሞር፣ ጆንስ ሆፕኪንስ የሠራ የአእምሮ ቀዶ ሐኪም ነበር። ይህን ሳውቅ በሽታው ትንሽ እንግድነቱ ቀለለልኝ።

ስለ መድኃኒቱ። ቡቺ የሚወስደው ትሪሎስቴን ነው፤ የንግድ ስሙ ቬቶሪል። የአሜሪካው መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ የፈቀደው በ2008 ነው። ሚቶቴን የሚባል የቆየ መድኃኒትም አለ። ይሠራል፣ ነገር ግን አድሬናል እጢዋን ራሷን ስለሚጎዳ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ትሪሎስቴንን ፋርማሲ ቀምሞም ያዘጋጃል፤ አንዳንዴ ይረክሳል። ሆኖም ውስጡ ያለው መጠን ከአንዱ ወደ ሌላው ሊለያይ ይችላል። የፋብሪካው እንክብል ለውሻችሁ ልክ የሚሆን ከሆነ እሱን ያዙ። ከክሊኒኩ ማዘዣ ተቀብላችሁ በኢንተርኔት የሚሸጠውን የቹዊንና የኮስትኮን ፋርማሲ ዋጋ አወዳድሩ። እኔ እንደዚያ አድርጌ በየወሩ ደህና ገንዘብ ተርፎኛል።

ኪኒኑ የሚሰጠው ከምግብ ጋር ነው። በጾም ቤታችን ሥጋ ስለማይገባ እማዬ ለእሱ ብቻ ዶሮ ቀቅላ በትንንሹ ቋጥራ ፍሪዘር ውስጥ ታስቀምጣለች። እንክብሉን አትክፈቱት። ነፍሰ ጡር ሴት በእጇ አትንካው። እኛ ቤት የወንድሜ ሚስት እርጉዝ ስለነበረች ሥራው የእማዬ ሆነ።

ከሁሉ በላይ ይህን ያዙልኝ። ውሻው ምግብ እምቢ ካለ፣ ካስታወከ፣ ካስቀመጠው ወይም ከደከመ ቀጣዩን ኪኒን አትስጡት፤ ወዲያው ደውሉ። ኮርቲሶሉ ከልክ በታች ወርዶ ሊሆን ይችላል፤ ያ ደግሞ ይገድላል። ኩሺንግ ያለበት ውሻ ሁልጊዜ የሚርበው ስለሆነ ምግብ ከተወ እንደ ቀላል አትዩት።

ረሃቡ አንጀት ይበላል፤ አውቃለሁ። ግን ወጥ አትስጡት። ቁሌታችን ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ነው፤ ሁለቱም የውሻን ደም ይጎዳሉ። ቅቤና ቅባት ደግሞ ቆሽቱን ሊያሳብጡበት ይችላሉ። ጨው የሌለው የተቀቀለ ፎሶሊያና ካሮት ለቡቺ በቅቶታል።

ኢንሹራንስ ቀድሞ የነበረ በሽታን አይከፍልም። ውሻችሁ ገና ጤነኛ ከሆነ አሁን አስቡበት። ኬርክሬዲት የሚባለውን የሕክምና ዱቤ ካርድ የሚቀበሉ ክሊኒኮች ብዙ ናቸው፤ ጊዜው ሳያልፍ ካልከፈላችሁ ግን ወለዱ ወደ ኋላ ተቆጥሮ ይመጣል።

አጋዥን በተመለከተ ከዘመድ ብዙ ሰምቻለሁ። «ለውሻ ይህ ሁሉ?» ይሉኛል። እማዬ ራሷ ጎንደር ውሻ ግቢ ውጭ ሲጠብቅ እያየች ያደገች ናት። ቤት መግባቱን ሁለት ዓመት ተቃወመች። ዛሬ በየጠዋቱ ኪኒኑን የምትሰጠው፣ ውሃውን ጽፋ የምትይዘው እሷ ናት። ክሊኒክ አብራኝ ስትሄድ ሐኪሟ በዝግታ እንድታወራ ጠየቅኋት፤ እኔም እየተረጎምኩ ሁሉንም ሰማች። ቤት ውስጥ አንድ ሰው እንዲህ እንዲረዳ አድርጉ፤ ብቻችሁን አትችሉትም።

ቡቺ አሁን በቀን አንድ ሃይላንድ ገደማ ይጠጣል። የጎኑ ፀጉር ተመልሷል።

አሌክሳንድሪያ ወይም ፎልስ ቸርች አካባቢ አማርኛ የሚናገር የእንስሳት ሐኪም የምታውቁ ጻፉልን። ያቺ እህት የምትፈልገው ለአባቷ ነው፤ ውሻው የእሳቸው ነው።