«መጣፍ» ከ«መጻፍ» ጋር ይዛመዳልን?

ጥያቄ፦
ጎጃም ውስጥ ባደግሁበት አካባቢ ጉልበቱ ላይ የተቀደደ ሱሪ በሌላ ጨርቅ ሲሸፈን «ተጣፈ» ይባላል። ደብዳቤም «ይጣፋል»፣ የቄሱም መጽሐፍ «መጣፍ» ነው። ሁለቱም ግሦች ጣፈ፣ ይጥፋል፣ ጥፎ እየተባሉ በአንድ መልክ ይረባሉ። ብራና ላይ ቀለም ማሳረፍና ልብስ ላይ እራፊ ማሳረፍ ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው ሲባል ስለ ሰማሁ፣ የቋንቋ ዕውቀት ያላችሁ ብታስረዱኝ እወዳለሁ።

መልስ፦
ጤና ይስጥልኝ። አባባሉ ያምራል፤ እውነት ግን አይመስለኝም። የደብዳቤው «ጣፈ» የግእዙ «ጸሐፈ» ነው፤ በመካከል ያለው «ሐ» ተውጦ «ጻፈ» ሆነ፣ ከዚያም ጾምን «ጦም»፣ ጸሎትን «ጠሎት» በሚለው አነጋገር «ጸ» ወደ «ጠ» ተለወጠ። የልብሱ «ጣፈ» ግን ከመጀመሪያውም በ«ጠ» ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ «ደብዳቤ ጻፍልኝ» የሚል የአዲስ አበባ ሰው «ሱሪዬን ጻፍልኝ» ሲል ተሰምቶ አይታወቅም። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስም ማርቆስ 2፥21 ላይ፣ ባረጀ ልብስ ላይ ስለሚደረገው አዲስ እራፊ ሲነገር ግሡ በ«ጠ» ተጽፎ ይገኛል።

ሌላ መልስ፦
ከላይ በተሰጠው ማብራሪያ እስማማለሁ። ልጨምር የምፈልገው «ጣፈ» ማንኛውንም ዓይነት የልብስ ጥገና የሚገልጽ ቃል አለመሆኑን ነው። ለመጣፍ የግድ ሌላ ጨርቅ ያስፈልጋል፤ መጣፊያው ከቀዳዳው ሰፋ ተደርጎ ይቆረጥና ጠርዙ ወደ ውስጥ ታጥፎ፣ እንዳይንሸራተት በረጃጅም ስፌት ከተወሰወሰ በኋላ ዙሪያውን ይሰፋል። ቀዳዳው በክር ብቻ ከተያያዘ ግን እናቶቻችን «ጠቀምሁት» ይላሉ፤ ይህም ለጥቅም ከምንለው «ጠቀመ» ጋር በድምፅ ብቻ የሚገናኝ ነው። እራፊ በእራፊ ላይ ሲደራረብ ደግሞ «ደረተ» ይባላል፤ «ድሪቶ» የመጣው ከዚህ ነው።

ሌላ መልስ፦
ጠያቂው ጥንታዊ ሥር የሚፈልጉ ከሆነ መርፌውን ቢመለከቱ ይሻላል። «መርፌ» በግእዝ «መርፍእ» ነው፤ የተገኘውም «ሰፋ፣ ጠገነ» የሚል ትርጉም ካለው «ረፍአ» ከሚለው ግሥ ነው። ግሡ በአማርኛ ጠፍቶ ቦታውን ከግእዙ «ሰፈየ» የመጣው «ሰፋ» ሲወርስ፣ መሣሪያው ግን ስሙን እንደ ያዘ ቀረ። በዓረብኛ «ረፈአ» የተቀደደ ልብስ ጠገነ ማለት ሲሆን፣ በዕብራይስጥ ደግሞ «ራፋ» ፈወሰ ማለት ነው፤ የሴም ቋንቋዎች አጥኚዎች እነዚህን ያዛምዷቸዋል። ጳጉሜን 3 ቀን የምናከብረው የሩፋኤል ስም «ፈወሰ» የሚለውን የያዘው ከዚያው ነው። ልብስን ከመጠገን ሥጋን ወደ መፈወስ መሄዱ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ወጌሻውም የተሰበረ አጥንት «ይጠግናል» እንላለንና።

የጠያቂው ምላሽ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የ«ሱሪዬን ጻፍልኝ» ማስረጃ አሳምኖኛል። እንዲያ ከሆነ ጤና ጣቢያ ሄደን «መርፌ ተወጋሁ» የምንለው ቃል በትውልዱ የልብስ ሰፊው ነው ማለት ነዋ!