«አትላንታ» የተባለው ተከታታይ ድራማ ለማን ይሆናል? ጥቆማ ስጡን

የማታ ፈረቃ፦
ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው አትላንታ አጠገብ ክላርክስተን ነው። ባለቤቴ አውሮፕላን ማረፊያ ይሠራል፤ አምሽቶ ሲገባ ራት እየበላን የምናየው አጠር ያለ ነገር እንፈልጋለን። አንድ የሥራ ባልደረባው አሜሪካዊው ተዋናይ ዶናልድ ግሎቨር የሠራውን «አትላንታ» እዩ አለው። እሱ መሳቅ ይወዳል፤ እኔ ግን የሚያስፈራ ነገር ካየሁ እንቅልፍ የለኝም። ይሆነናል?

ከዲካተር፦
ለባለቤትሽ ይሆናል፤ አንቺ እየመረጥሽ እዪ። ዋናው ገጸ ባሕርይ ኧርን የፕሪንስተን ትምህርቱን ትቶ የተመለሰ፣ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ መንገደኛ እያስቆመ ክሬዲት ካርድ የሚያስመዘግብ ልጅ ነው። ዘመዱ አልፍሬድ በራፕ ስሙ መነሣት ሲጀምር ሥራ አስኪያጅህ ልሁን ይለዋል። በ1ኛው ምዕራፍ አራተኛ ክፍል ገንዘብ ቸግሮት ስልኩን ሊያስይዝ ሲሄድ፣ ጓደኛቸው ዳሪየስ በሰይፍ እንዲለውጠው ያግባባዋል። ሰይፉ በውሻ ይለወጣል፣ ውሻው ለአርቢ ይሰጣል፣ ትርፉ ከወራት በኋላ ይመጣል ይባላል። ኧርን ደግሞ ገንዘቡን የሚፈልገው ዛሬ ነው። ደሃ ትርፍ የሚጠብቅበት ጊዜ እንደሌለው ሲናገር እየሳቅሁ አንገቴን ደፋሁ።

የ2ኛውን ምዕራፍ 6ኛ ክፍል ግን እለፊው። ዳሪየስ ቁልፎቹ ቀለም የተቀቡ ፒያኖ ሊወስድ አንድ ጨለምለም ያለ ትልቅ ቤት ይገባል፤ ፊቱ እንደ ኖራ የነጣ ሰውዬ የሰጎን እንቁላል ይበላል። እ.ኤ.አ. በ2018 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲተላለፍ ማስታወቂያ እንኳ አላቋረጠውም። እጅግ ግሩም ነው፤ ለአንቺ ግን አይሆንም።

አባ መላ፦
ድራማውን ተዉት፣ መጀመሪያ በምን እንደምታዩት አስቡ። እኔ የአገር ቤት ቻናል ሁሉ ይይዛል የተባለ የቴሌቪዥን ሣጥን ከአንድ ነጋዴ ገዛሁ። የዓመት ክፍያ በጥሬ ገንዘብ ተቀበለኝ። በሁለተኛው ወር ጸጥ አለ። ስደውል ኢንተርኔትህ ነው ይላል፣ ኢንተርኔቱን ስቀይር ቴሌቪዥንህ ነው ይላል። እናቴ የትንሣኤን ቅዳሴ ሳታይ ቀረች። ይህ ያንገበግበኛል።

የሰፈር ልጅ፦
የሣጥን ነገር ከሆነ እኔ የምገዛበት ሱቅ ሄዳችሁ ግዙ። ባለቤቱ የአገሬ ሰው ነው፣ ሲበላሽ ቤት ድረስ መጥቶ ያስተካክላል። ከሌላ ቦታ የገዛ ሁሉ ሲያለቅስ ነው የማየው።

ከዲካተር፦
ወንድሜ፣ ስንት ጊዜ ቤትህ መጣ? ደህና ዕቃ ከሆነ ለምን ይመላለሳል?

የሰፈር ልጅ፦
መምጣቱ ነው ቁም ነገሩ። ሌላው ስልክ አያነሣም።

እሙ፦
ጥያቄው ስለ ድራማው ነበር። የማታ ፈረቃ፣ እኔ አራቱንም ምዕራፎች፣ 41 ክፍሎች፣ ጨርሻለሁ። አንድ ታሪክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተያይዞ እንዲሄድለት የሚፈልግ ሰው ይናደድበታል። በ3ኛው ምዕራፍ ዋነኞቹ ሰዎች አውሮፓ ናቸው፤ ከዐሥሩ ክፍሎች አራቱ ደግሞ እነሱን ትተው የሌላ ሰው ታሪክ ይናገራሉ። ከእነዚህ አንዱ ከትሪኒዳድ መጥታ ኒው ዮርክ የሰው ልጅ ስታሳድግ ስለሞተች ሞግዚት ነው። አሠሪዎቿ ልጃቸውን ይዘው ቀብሯ ላይ ይገኛሉ። ልጁ ዘፈኗንም ምግቧንም ያውቃል፤ የገዛ ልጆቿ ግን ጊዜዋን ያጡ ናቸው። እኔ የሰው ልጅ እያሳደግሁ የራሴን በስልክ ያሳደግሁ ነኝና እስኪበቃኝ አለቀስሁ። ልጅ ጥሎ የሠራ ሰው ሁሉ ቢያየው ደስ ይለኛል። ስድብና ሐሺሽ ስላለበት ልጆች ከተኙ በኋላ ይሁን።

ጡረተኛው፦
እኔ እንግሊዝኛ የለመድሁት በዜና ነው። ዜና እዩ። በራፐሮች አነጋገር የሥራ ቃለ መጠይቅ አይታለፍም።

እሙ፦
አባቴ፣ ለቃለ መጠይቅ አልጠየቀችም። ራት እየበሉ ሊያዩት ነው።

ከዲካተር፦
«ሁሉ» (Hulu) ለሚባለው የኢንተርኔት ፊልም ማሳያ መክፈል ካልፈለጋችሁ የክላርክስተን ቤተ መጻሕፍትን ጠይቁ። የቤተ መጻሕፍት ካርድ ካላችሁ ዲቪዲ በነጻ ያውሷችኋል። ቅርንጫፉ ባይኖረው እንኳ ከሌላ ቅርንጫፍ እንዲያስመጡላችሁ ጠይቋቸው። የመጀመሪያውን ምዕራፍ አይታችሁ ካልጣማችሁ ምንም አልከሰራችሁም። የመጀመሪያው ክፍል ላይ አውቶቡስ ውስጥ ሱፍ የለበሰ ሰው ዳቦ ላይ ቸኮሌት እየቀባ ኧርንን ጉረስ ብሎ የሚያስጨንቀው ቦታ አለ። ባለቤትሽ እዚያ ላይ ከሳቀ ይቀጥል፤ ምን ማለት ነው ብሎ ከተቆጣ ሌላ ፈልጉ።

የማታ ፈረቃ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እሙ፣ የሞግዚቷ ክፍል ቁጥሩ ስንት ነው? አባ መላ፣ ያ ነጋዴ ሱቁ የት ነው? አማቴም ሣጥን ፈልገው ነበር።

እሙ፦
3ኛው ምዕራፍ፣ 7ኛ ክፍል።

አባ መላ፦
ስም አልጠራም። ለአማትሽ ግን የዓመት ክፍያ በአንድ ጊዜ እንዳትከፍዪ፤ በየወሩ እከፍላለሁ ስትዪው እምቢ ካለ ትተሽው ውጪ።

የሰፈር ልጅ፦
የእኔ ሰው በየወሩ ይቀበላል። አድራሻውን በውስጥ ልላክልሽ?