በጀልባ ላይ የምትኖር ድመት ውኃ ውስጥ ብትወድቅ በምን ትወጣለች?

የዳማ እናት (ለንደን)

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው በለንደን፣ ሬጀንትስ ካናል በሚባለው ቦይና በሊ ወንዝ ላይ በሚንቀሳቀስ ናሮውቦት፣ ማለትም ረጅምና ጠባብ የቦይ ጀልባ ውስጥ ነው። የቤት ኪራይ ከአቅሜ በላይ ሲሆንብኝ ወደ ጀልባ ከገባሁ አምስት ወር ሆኖኛል። ዳማና ነጮ የሚባሉ ሁለት ድመቶች አሉኝ፤ ሁለቱም ከፎቅ ቤት ሌላ የሚያውቁት አልነበረም። ለጀልባዬ ቋሚ ማቆሚያ ስለሌለኝ በደንቡ መሠረት አንድ ቦታ ላይ ከ14 ቀን በላይ መቆየት አልችልም፤ ስለዚህ ድመቶቹ አንዱን ሰፈር ለመዱት ስል ወደ ሌላ ሰፈር እንሄዳለን።

ባለፈው ሳምንት ሌሊት ዳማ ውኃ ውስጥ ወደቀች። አልጮኸችም። የሰማሁት ጥፍሯ የጀልባውን ብረት ሲፍቅ ነው፤ ቀጭን ድምፅ ስለነበር መጀመሪያ የዛፍ ቅርንጫፍ መስሎኝ ተኛሁ። ድምፁ አላቋርጥ ሲል ወጥቼ በባትሪ ሳበራ፣ በጀልባውና በቦዩ ግድግዳ መካከል ባለው ክፍተት ውስጥ ጭንቅላቷ ብቻ ታየኝ። በደረቴ ተኝቼ በማጅራቷ ቆዳ ይዤ አወጣኋት። እሷ ደኅና ናት፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ድመቶቹን ጨርሶ ከጀልባው እንዳይወጡ ማድረግ ይሻላል ወይስ እንደ ልባቸው ይውጡ ይግቡ? ደግሞስ እንደገና ብትወድቅና እኔ ባልሰማ፣ በራሷ የምትወጣበት መንገድ እንዴት ይበጃል? ውኃ ላይ የሚያንሳፍፍ ላይፍ ጃኬት ገዝቼላታለሁ፤ ነገር ግን ሌት ተቀን ለብሳው ልትኖር አትችልም።

የቦይ ዳር ሰው (ለንደን)

እህቴ፣ እንኳን ደረስሽላት። እኔ በቦይ ላይ ስኖር ዘጠኝ ዓመት አልፎኛል፤ በእነዚህ ዓመታት ውስጥ አንዲት ድመት ውኃ ወስዶብኛል፤ የምጽፍልሽም እሷን ካጣሁ በኋላ የተማርኩትን ነው።

ድመት መዋኘት አያቅታትም። የሚገድላት መውጫ ማጣት ነው። የጀልባችን ጎን ቀለም የተቀባ ለስላሳ ብረት ነው፤ የቦዩም ዳር በብዙ ቦታ ቀጥ ብሎ የቆመ ብረት ወይም ኮንክሪት ስለሆነ ጥፍር የሚይዝበት የለም። እንስሳዋ ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ስትዋኝ ትደክማለች፤ በብርድ ወራት ደግሞ ቅዝቃዜው ጉልበቷን ቶሎ ይጨርሰዋል። ውኃው ሰው ቆሞ የሚሻገረው መሆኑ ለእሷ ምንም አይጠቅማትም።

ስለዚህ አሮጌ ምንጣፍ ፈልጊ። ክሩ ጥቅጥቅ ያለና ጥፍር የሚይዝ ይሁን፤ ክንድ በሚያህል ስፋት ቁረጪውና የላይኛውን ጫፍ ከጀልባው ጣሪያ ላይ ካለው የእጅ መያዣ ብረት ጋር አጥብቀሽ እሰሪው። የታችኛው ጫፍ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ውኃ ውስጥ መግባት አለበት፤ እንዳይንሳፈፍም ድንጋይ ወይም ቁራጭ ብረት ስፊበት። ወፍራም የቃጫ ገመድ የተጠመጠመበት ሳንቃም ያገለግላል። አንድ ብቻ አይበቃም፤ በጨለማ የደነገጠች ድመት ጀልባውን ዞራ አትፈልግም፣ በወደቀችበት በኩል ያገኘችውን ነው የምትይዘው። እኔ በግራና በቀኝ፣ በፊትና በኋላ፣ በጠቅላላው አራት ሰቅያለሁ። ምንጣፉ ውኃ ውስጥ እየበሰበሰ ስለሚሄድ በየጊዜው በእጅሽ እየጎተትሽ ፈትኚው።

ለማስለመድ ብለሽ ድመቷን ውኃ ውስጥ አትወርውሪ። ይህን የሚመክሩ ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን ውኃውን ብቻ ሳይሆን አንቺንም እንድትፈራ ያደርጋታል ብዬ አምናለሁ። ምንጣፉን በመጀመሪያ ደረቅ ቦታ ላይ ስቀዪና ጫፉ ላይ ዓሣ አስቀምጪላት፤ መውጣቱን ስትለምደው ወደ ቦታው ውሰጂው።

መውጣት መግባቱን በሚመለከት፣ የእኔ ድመት ቀን ትወጣለች፤ ሊመሽ ሲል እራቷን የምሰጣት ቆርቆሮውን በማንኪያ እየመታሁ ስለሆነ ድምፁን ሰምታ ትመጣለች፣ ከዚያ በሩ ይዘጋል። ጀልባውን የምናንቀሳቅሰው በማግስቱ ከሆነ ከዋዜማው ጀምሮ አትወጣም፤ አዲስ ቦታ ከደረስንም በኋላ ቢያንስ ሁለት ቀን ውስጥ ትቆያለች። በሎክ፣ ማለትም ጀልባን ከፍና ዝቅ በሚያደርገው ባለ በር የውኃ ክፍል ስናልፍ ውኃው ስለሚናወጥና ጀልባው ከግድግዳው ጋር ስለሚጋጭ በመያዣ ሳጥኗ ውስጥ ትሆናለች። ከቆዳ ሥር የሚገባውን መለያ፣ ማይክሮቺፕንም ካላስገባሽላቸው ነገ ዛሬ አትበይ። በእንግሊዝ ከ10 ጁን 2024 ጀምሮ ማንኛውም የቤት ድመት 20 ሳምንት ሳይሞላው ቺፕ እንዲኖረው ሕጉ ያስገድዳል፤ ቅጣቱም እስከ 500 ፓውንድ ይደርሳል። እኛ በየሁለት ሳምንቱ ሰፈር የምንቀይር ሰዎች ስለሆንን ድመቷን ያገኘ ሰው የሚደርስብን በስልክ ብቻ ነው፤ የተመዘገበው ቁጥር አሁን የምትጠቀሚበት መሆኑን አረጋግጪ።

ሰናይት ዘአምስተርዳም

ከወንድሜ ምክር በአንድ ነገር እለያለሁ። እኔ የምኖረው አምስተርዳም ውስጥ ሞተር በሌለውና ከቦታው በማይነቃነቅ የመኖሪያ ጀልባ ላይ ነው፤ እንዲያም ሆኖ ድመቶቼን ያለ መረብ ከደጅ አላወጣም። የእኛ ከተማ የቦይ ግድግዳ ጡብና ድንጋይ ነው፣ ከውኃውም በላይ ከፍ ይላል፤ ድመቷ የወደቀችው ከጀልባው ሳይሆን ሦስት ቤት አልፋ ከጎረቤት ደጃፍ ከሆነ የእኔ ምንጣፍ ምን ይረዳታል?

እዚህ ሲንገል በሚባለው ቦይ ላይ በጀልባ ውስጥ የተቋቋመ የድመት መጠለያ አለ፤ ፑዘንቦት ይሉታል፣ የድመት ጀልባ ማለት ነው። ሄንሪየት ቫን ቬልደ የተባሉ ሴት እ.ኤ.አ. በ1966 ቤት ለሌላቸው ድመቶች መጠጊያ በመስጠት የጀመሩት ሥራ ነው። ሄጄ ስጎበኘው ልቤን የነካው ድመቶቹ ነፋስና ፀሐይ የሚያገኙበት የውጭ ክፍል በሽቦ መረብ የታጠረ መሆኑ ነው። ዳክዬዎቹ ከታች ሲዋኙ ድመቶቹ ከመረቡ ጀርባ ተቀምጠው ያያሉ። እኔም የጀልባዬን የኋላ መድረክ እንዲሁ አድርጌ ከጣሪያ እስከ ወለል አጠርኩት። በናሮውቦት ላይ ቦታው ጠባብ መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም የኋላው መቆሚያ ለሁለት ድመት ይበቃል፤ መረቡንም በመንጠቆ ካደረግሽው ጀልባውን ስትነጂ ታነሺዋለሽ። መስኮቶቹንም አትርሺ።

የእንስሳት ሐኪም

ሁለቱም ምክሮች አብረው ቢሠሩ የተሻለ ነው፤ መረቡ መውደቅን ይቀንሳል፣ ምንጣፉ ለወደቀች ይደርሳል። እኔ የምጨምረው ከውኃ ከወጣች በኋላ ስላለው ነው።

የድመት ጤናማ ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ከቀዝቃዛ ውኃ የወጣችን ድመት በፎጣ አድርቆ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ቀስ በቀስ ማሞቅ ይገባል፤ በፈላ ውኃ ጠርሙስ ወይም ወደ ምድጃው በማስጠጋት በአንድ ጊዜ ለማሞቅ መሞከር ቆዳዋን ሊያቃጥለው ይችላል። ውኃ ወደ ሳንባዋ ገብቶ ከሆነ ችግሩ ከሰዓታት በኋላም ሊታይ ስለሚችል፣ ለአንድ ሙሉ ቀን አተነፋፈሷን ይከታተሉ፤ አፏን ከፍታ ከተነፈሰች ወይም ካሳለች ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ይውሰዷት። ጠጉሯ ናፍጣ ከነካው ከመላሷ በፊት በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይጠቡት። ናፍጣ ከዋጠችም እንድታስመልስ አያስገድዷት።

በጀልባ ላይ ከውኃው ባልተናነሰ የምፈራው አንቲፍሪዝን፣ ማለትም የሞተር ማቀዝቀዣ ውኃ በብርድ እንዳይረጋ የሚጨመረውን ፈሳሽ ነው። በብዙዎቹ አንቲፍሪዞች ውስጥ ያለው ኤቲሊን ግላይኮል ኩላሊትን ያጠፋል፤ ድመትን ለመግደል ከመዳፏ ላይ የምትልሰው ትንሽ መጠን ሊበቃ ይችላል። እንደ ሰካራም ስትንገዳገድ ወይም ስታስመልስ ካዩ እስኪነጋ አይጠብቁ፤ ማርከሻው የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰዓታት ገደማ ከተሰጠ ነው። ከሞተሩ ሥር የሚጠራቀመውን ፈሳሽ ይጥረጉ፤ ድመቶች ሙቀት ፍለጋ ሞተሩ ክፍል ስለሚገቡም ሞተሩን ከማስነሳትዎ በፊት ክዳኑን አንኳኩተው ሁለቱም የት እንዳሉ በዓይንዎ ይዩ።

የቦይ ዳር ሰው (ለንደን)

ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ሞተር ሲነሳ ትዝ አለኝ፤ እህቴ፣ ጀልባውን ከማንቀሳቀስሽ በፊት ምንጣፎቹን በሙሉ ወደ ላይ ሳቢያቸው። የኋላኛው ጀልባውን በሚገፋው ተሽከርካሪ፣ በፕሮፔለሩ ላይ ከተጠመጠመ ብርድ ውኃ ውስጥ እጅሽን ከትተሽ በቢላዋ ስትቆርጪ ነው የምትውዪው። ስትቆሚ መልሶ ማውረዱን እንዳትረሺ ደግሞ ከገመዶችሽ ጋር አንድ ላይ አድርጊው፤ እኔ ጀልባውን ካሰርኩ በኋላ ምንጣፎቹን ሳላወርድ ሻይ አልጥድም።

የዳማ እናት (ለንደን)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዳማን ሐኪም አይቷታል፣ ሳንባዋ ደኅና ነው። በቺፑ ላይ የተመዘገበው ስልክ የድሮው ሆኖ ስላገኘሁት አስቀይሬዋለሁ። ጎረቤቴ ከጣለው የመተላለፊያ ምንጣፍ አራት ቁራጭ አውጥቼ ሰቅያለሁ፤ መረቡን በወር መጨረሻ እሠራዋለሁ፤ እስከዚያ ድረስ ሁለቱም ከእኔ ጋር ካልሆነ አይወጡም። ነጮ ምንጣፉን ለዓሣው ብሎ በመጀመሪያው ቀን ወጣው። ዳማ ሁለት ቀን ሙሉ ከሩቅ አየችው፤ ትናንት ማታ ግን ጥፍሯን ተክላ ግማሹን ከወጣች በኋላ እዚያው ተንጠልጥላ ቆየች፤ እኔም እጄን ከሥሯ ዘርግቼ ስጠብቅ ቀሪውን በራሷ ጨረሰችው።