ጨነቅ ላይ ያየነው ንስር ነው ጥንብ አንሳ?

ሰላም ጎበዝ፣ ሰሜን ተራሮች ጨነቅ አፋፉ ላይ ቆመን አንድ ግዙፍ ወፍ ከበታቻችን ሲንሳፈፍ አየን፣ ጋይዳችን ተራ ጥንብ አንሳ አይደለም አለ፣ ለኔ ግን ሁሉም አሞራ ነው 😅 በምን ትለያላችሁ?

— ጭራውን አይተኸዋል? ተራው ጥንብ አንሳ ጭራው አጭር ክንፉ ሰፊ ነው፣ ጺማሙ አጥንት በሊታ (እሱም የጥንብ አንሳ ዓይነት ነው) ግን ጭራው ረዘም ብሎ ጫፉ ሾጠጥ ይላል፣ ክንፉም ቀጠን ያለ ነው። ቀለሙን ብዙ አትመን፣ ደረቱ ብርቱካንማ የሚሆነው ካደገ በኋላ ነው፣ ገና ወጣት እያለ ጥቁር ነገር ነው

— ሾጣጣ ነበር! ደሞ የሆነ ነገር ድንጋይ ላይ ሲጥል አይተናል

— በቃ እሱ ነው ባክህ፣ አጥንት ከላይ እየለቀቀ ሰብሮ ነው የሚውጠው። ጥቁር ሆኖ ጀርባው ላይ ነጭ ካየህ ግን ንስር ነው፣ ሽኮኮ አዳኙ