መስከረም 10 ቀን 1988 በፈረንጅ 20 ነው 21?

ጠያቂዋ፦ ሰላም ወገኖች፣ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። የተወለድኩት መስከረም 10 ቀን 1988 ነው። ፓስፖርቴ ላይ ሴፕቴምበር 21 ቀን 1995 ይላል። የልደት ሰርተፍኬቴን ያስተረጎምኩበት ቢሮ ግን ሴፕቴምበር 20 ብሎ ማህተም መታበት። ለትምህርት ቪዛ ሁለቱንም አስገባለሁ። ቀጠሮዬ ደርሷል። የቱን ላስተካክል?

የሂሳብ መምህር፦ አይዞሽ እህቴ፣ ፓስፖርትሽ ልክ ነው። እሱን እንዳትነኪው። የተሳሳተው ትርጉሙ ነው። 1987 ዘመነ ሉቃስ ስለነበር ጳጉሜን 6 ቀን ሆነች። ስለዚህ የ1988 እንቁጣጣሽ የዋለው ሴፕቴምበር 12 ነው፤ 11 አይደለም። ከዚያ ዘጠኝ ቀን ቁጠሪ፣ 21 ላይ ትደርሻለሽ። ዓመቱ ለ4 እኩል ከተካፈለ፣ ማለትም ዘመነ ዮሐንስ ከሆነ፣ እስከ የካቲት 21 ድረስ አንድ ቀን ይጨመራል። ፈረንጆቹም ያን ዓመት ፌብሩዋሪን 29 ስለሚያደርጉ ከየካቲት 22 ጀምሮ ይስተካከላል። ብዙ ተርጓሚ ይህን ይዘላል፤ ሰው ደግሞ በአንድ ቀን ልዩነት ይንገላታል።

ታሪክ ወዳድ፦ መምህር ያሉት ልክ ነው። ግን ለአያቶቻችን ልደት እንዳትጠቀሙበት። አድዋን እዩ። የካቲት 23 ዛሬ የሚውለው ማርች 2 ነው፤ ጦርነቱ የተካሄደው ግን ማርች 1 ቀን 1896 ነው። ነገሩ የሚጀምረው ከ1582 እ.ኤ.አ. ነው። የድሮው የዩልዮስ አቆጣጠር በዓመት 11 ደቂቃ ያህል ይተርፍ ስለነበር ፋሲካ ከጸደይ እየራቀ ሄደ። ጳጳስ ጎርጎርዮስ 13ኛ አሥር ቀን አስዘለሉ፤ ኦክቶበር 4 በነጋታው 15 ሆነ። እንግሊዝ እስከ 1752፣ ሩሲያ እስከ 1918 አልተቀበሉትም። እኛ ጭራሽ አልገባንበትም። በአዲሱ ደንብ 1900 ፌብሩዋሪ 29 አልነበረውም፤ እኛ ግን በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን 6 ማድረጋችንን ቀጠልን። ልዩነቱ ያኔ በአንድ ቀን ሰፋ።

አንድ ነገር ግን አልተነካም፦ የሳምንቱ ቀን። በ1582 እንኳ ሐሙስን የተከተለው ዓርብ ነው። እናትሽን በምን ቀን እንደወለዱሽ ጠይቂያቸው። ሴፕቴምበር 21 ቀን 1995 ሐሙስ ነበር።

ጠያቂዋ፦ እናቴ ሳታመነታ «ሐሙስ፣ በገበያ ቀን» አለችኝ! እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቢሮው እምቢ ቢለኝስ? ደግሞ የቀጠሮው ኢሜይል 8:30 ኤኤም ይላል፤ ጠዋት ነው ከሰዓት?

የሰነድ ጉዳይ የሚያውቅ፦ ዋናውን ሰርተፍኬትና ፓስፖርቱን ይዘሽ ሂጂ። መምህር ያሉትን ስሌት ወረቀት ላይ ጽፈሽ አሳያቸው። በእስክሪብቶ ሰርዘው እንዳያርሙልሽ፣ አዲስ ይታተም በይ። ትርጉሙን ሌላ ቦታ አረጋግጠሽ ከሆነ አዲሱንም እዚያ ማስመታት አለብሽ።

ከዱባይ፦ 8:30 ኤኤም ከጠዋቱ 2:30 ነው። ስድስት ሰዓት ቀንሺ። ቪዛው ሲመታልሽ ደግሞ በትኬቱ ተጠንቀቂ። ረቡዕ 00:30 ካለ፣ በእኛ ማክሰኞ ሌሊት 6:30 ማለት ነው። ኤርፖርት መግባት ያለብሽ ማክሰኞ ማታ ነው። ረቡዕ ማታ ሻንጣቸውን እየገፉ የመጡ፣ በረራው አንድ ቀን ያመለጣቸው ብዙ እህቶች አይቻለሁ።